ከቲኬቱ በላይ የሚመጣው ሂሳብ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር የግሪክ ደሴቶችን በመርከብ ልንጎበኝ አስበናል። ከቲኬቱ ሌላ ምን እንከፍላለን?

መልስ፦ ቀረጡንና የመርከቡን ክፍያ አያምታቱ። የግሪክ መንግሥት ከሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመርከብ ወርዶ ወደብ የሚረግጠውን መንገደኛ ያስከፍላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ በነፍስ ወከፍ 20 ዩሮ ነው፤ ሌሎች ወደቦች ላይ 5። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ሳንቶሪኒም 4 ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ግፊያው የለም! መርከቡ ከአውሮፓ ኅብረት ወደቦች ሳይወጣ የሚዞር ከሆነ በሚጠጡት ቢራ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሊታሰብ ይችላል።

በየቀኑ በየሰው የሚደመረው የአገልግሎት ክፍያ ግን ቀረጥ ሳይሆን ለሠራተኞች የሚሰበሰብ ጉርሻ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ከጠየቋቸው ይቀንሱታል። ከመውረድዎ በፊት ሂሳቡን መስመር በመስመር ያንብቡ።