ቋንቋው በማይታወቅበት ከተማ



ከደብረ ታቦር የሚነሣ ወጣት የሚሄድበት አገር በዘመናችን እጅግ ሰፍቷል። አንዱ ለትምህርት ወደ ቻይና ይጓዛል፤ አንዲቱ ለሥራ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ትሄዳለች፤ ሌላውም ዓለምን ልይ ብሎ ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ ይወጣል። ሁሉም ከመሄዳቸው በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቋንቋውን ሳላውቅ ብቻዬን እንዴት እሆናለሁ?» የሚል ነው። እኛም ይህን ጥያቄ እንደ ፈሪ ሰው ጥያቄ አንንቀው፤ ተገቢ ጥያቄ ነውና።

በመጀመሪያ ግን ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አለመሆኑን እናስታውስ። የቆሎ ተማሪ ማን ነው? ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከማያውቀው መንደር የሚገባ መንገደኛ አይደለምን? ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ ከመጡት መካከል ትግርኛና አገውኛ አፋቸውን የፈቱበት ጥቂቶች አልነበሩም። አማርኛው እስኪገራላቸው ድረስ ምን አሉ? ከደጅ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» አሉ። ባለቤቲቱ ግእዝ አልተማረችም፤ ልጁም ገና የሷን ቋንቋ አያውቅም። ነገር ግን ቃሉ ሁለቱም የሚያውቁት ስለ ሆነ እንጀራው ወጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መንገደኛውን ያበላው የቃላት ብዛት ሳይሆን አንዲት የጋራ ቃል ነበረች።

ከዚህ በሚበልጥ መንገድ ይህን ያሳዩን አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ አገር ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ነበሩ። ኢየሱሳውያን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ሲባረሩ ከእነርሱ ጋር የወጡ ስለ ሆነ በሃይማኖት የካቶሊክ ወገን ነበሩ፤ የዚያ ዘመን ክርክር የዛሬው ርእሳችን ስላልሆነ እናልፈዋለን። በ1649 እ.ኤ.አ. በሮም ከተማ፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት በሚያርፉበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ሳሉ፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ መጣባቸው። ይህ ሰው ግእዝን ከመጻሕፍት ብቻ ለቅሞ የተማረ ነበር። ፊደሉን ያነባል፤ ትርጉሙንም ያውቃል፤ አነጋገሩ ግን ለመነኮሳቱ ጆሮ እንግዳ ሆነ። የአገራችንን ቋንቋ በዓይኑ እንጂ በጆሮው አያውቀውም ነበርና።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652 እ.ኤ.አ.፣ የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ አስጠራቸው። አባታችን ከአውሮጳ ቋንቋዎች ጥቂት ለቃቅመው ነበር፤ ጀርመንኛ ግን አያውቁም። የሆነ ሆኖ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ጀርመን አገር ገቡ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስም ከሉዶልፍ ጋር ተቀመጡ። መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ ኢትዮጵያ እምነት፣ ሥርዐትና ታሪክ ይጠይቃሉ፤ እርሳቸው ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍ በመካከል ያስተረጉማል።

እስቲ ይህን ነገር ቀረብ ብለን እንመልከተው። ግእዝ የሉዶልፍ ቋንቋ አይደለም። የአባ ጎርጎርዮስም ቢሆን የእናት ቋንቋ አይደለም፤ ተምረው ያወቁት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ከየቤታቸው ወጥተው በመካከል መንገድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። አንዱ ባለቤት ሌላው ለማኝ አልሆነም። እንዲያውም በጎታ ቤተ መንግሥት ቋንቋ ያልነበራቸው እንግዳ ለአስተናጋጃቸው መምህር ሆኑ፤ ግእዙን አረሙለት፤ አማርኛውንም ነገሩት። ሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 አሳተመ። ያ የአማርኛ ሰዋስው በዓይነቱ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ነው፤ ከበስተኋላውም የአንድ መንገደኛ መነኩሴ አንደበት አለ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ሁሉ አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ።

እዚሁ በደጃችን፣ በጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ የሆነውም ይህን ይመስላል። መድፍ እንዲያቀልጡ የታዘዙት ከባዝል አካባቢ የመጡት የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ከአገሬው ሠራተኛ ጋር የተግባቡት አማርኛ ተምረው ነው። አስቀድመው ቋንቋ ባይለምዱ ኖሮ ሴባስቶፖል የሚባለው ትልቅ መድፍ እንዴት ይፈስስ ነበር?

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ታሪክ ግን ያሳዝናል። ልዑል ዓለማየሁ በ1861 እ.ኤ.አ. የተወለደው በከተማችን በደብረ ታቦር ነው። በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ሲወሰድ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ዐረፉ። አማርኛ የሚያውቅ ስፒዲ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ተሰጠው፤ ሕፃኑም ከዚያ ሰው ጋር ተጣበቀ። ለምን አይጣበቅ? በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚሰማው ሰው እርሱ ብቻ ነበር። ኋላ ግን ባለሥልጣኖቹ ከስፒዲ ለይተው ወደ ትምህርት ቤት ሰደዱት። በ1879፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በሊድስ ከተማ ታምሞ ሞተ። ሞግዚቱን የመረጠው እርሱ አልነበረም፤ የለየውም እርሱ አልነበረም።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ዕድሜ ብቻ ነው አንበል። አባ ጎርጎርዮስም አስተርጓሚ ነበራቸው፤ ነገር ግን አስተርጓሚያቸው እርሳቸውን ይፈልጋቸው ነበር፤ እርሳቸውም የራሳቸው ቀጭን ክር በእጃቸው ነበረች። ቋንቋ በማይታወቅበት ከተማ ዋናው አደጋ ዝምታ አይደለም፤ በአንድ ሰው አፍ ላይ ብቻ መንጠልጠል ነው። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችን የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ውሉን ያነበበላቸው ደላላ ነው፤ ደመወዙን የነገራቸው ደላላ ነው፤ ፓስፖርቱንም የያዘው እርሱ ወይም አሠሪዋ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ውል እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁ በሁለት ሰዎች ይነበብ። ስልክ ይተረጉምልኛል የሚልም አለ፤ ደግ ነው፤ ግን ስልክም አንድ አስተርጓሚ ነው፤ ባትሪውም ያልቃል።

የራስን ክር መፈተል የሚጀመረው ከሰላምታና ከቁጥር ነው። ቁጥር ሲባል የምናውቀው አኀዝ በሁሉ አገር ያገለግላል ማለት አይደለም። በካይሮ የዐረቡ አምስት ለእኛ ዓይን ዜሮ ይመስላል፤ ስድስቱም ሰባት ይመስላል፤ ዜሮው ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ 65 ቁጥር አውቶቡስ ሲመጣ 70 ነው ብለን ልናሳልፈው እንችላለን። አሥሩን ምልክት ለማጥናት ግን አንድ ማታ ይበቃል።

የእጅና የፊት ምልክትም ዓለም አቀፍ ቋንቋ ነው ይባላል፤ እውነቱ ግን ግማሽ ነው። እኛ ቅንድባችንን ከፍ አድርገን፣ እስትንፋስ ወደ ውስጥ ስበን «አዎን» እንላለን። በሊባኖስ ቅንድብን ከፍ ማድረግ «የለም» ማለት ነው። በቡልጋሪያ ደግሞ ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መነቅነቅ እሺታ ነው። እንግዲህ ለእመቤቷ በቅንድብ የመለሰች ልጅ እንቢተኛ ተብላ ብትቆጠር ጥፋቱ የማን ነው? በመጀመሪያው ቀን «አዎን» እና «የለም» የሚሉትን ቃላት በአፍ መያዝ ይሻላል።

የማደሪያውን አድራሻ የአገሩ ሰው በአገሩ ፊደል በወረቀት ይጻፍልን፤ እኛም ያንን ደጋግመን በእጃችን እንገልብጠው። በሁለተኛው ሳምንት የመንገዱን ስም ከግድግዳ ላይ ለይተን እናውቃለን።

በመጨረሻም ሰዓት። የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት በትኬት ላይ 8:00 ተብሎ ይጻፋል። ይህን ብዙዎች ያውቁታል። የሌሊቱ ግን ያሳስታል፤ እኛ ቀኑን ከንጋት እንጀምራለን፤ እነርሱ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ። ትኬቱ በ12ኛው ቀን 01:30 ቢል፣ ያ ለእኛ የ11ኛው ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ከአውሮፕላን ጣቢያ መገኘት የሚገባው በ11ኛው ቀን ማታ፣ እራት ከተበላ በኋላ ነው።