የቆቃ ውሃና የቡድን ጥናት

ስለ ሥራ ክንውን አመራር ሲነገር ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ፋብሪካን፤ ማሽንንና የሠራተኛ ሰዓት መቆጣጠሪያን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ ሥራ አመራር የታወቀውን መጽሐፉን ሲያሳትም፤ ሄንሪ ፎርድም በ1913 አውቶሞቢል በተንቀሳቃሽ መስመር ላይ መገጣጠም ሲጀምር፤ ሁለቱም የተነሡት ከምርት ነበር። ይሁን እንጂ ከእነርሱ ቀደም ብሎ፤ በ1909፤ አግነር ኤርላንግ የተባለው የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ የስልክ ጥሪዎች እንዴት እንደሚመጡ የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ስልክ ማገናኘት ደግሞ ምርት ሳይሆን አገልግሎት ነው፤ ሠርተው በመጋዘን የሚያስቀምጡት ነገር አይደለም። ስለዚህ ትምህርቱ ገና ከሕፃንነቱ ሁለት እግር ነበረው ማለት ነው፤ አንዱ ምርት፤ ሁለተኛው አገልግሎት። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ተማሪዎች ይህን ትምህርት የምንይዘው በአብዛኛው በቃል ነው። አቅም ምን ማለት ነው፤ ክምችት ምን ማለት ነው፤ ማነቆ ምን ማለት ነው ተብለን ስንጠየቅ ትርጉሙን እንጽፋለን፤ ማርካችንንም እንቀበላለን። ነገር ግን የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ትርጉሙ አይደለም። ዋናው ነገር በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ትክክለኛ ምክንያት ይዘው እርስ በርሳቸው መጣላታቸው ነው። ይህን ጠብ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ በደንብ ሊያየው አይችልም፤ ከሁሉም ወገን ሆኖ ከልቡ መከራከር አይሆንለትምና። በዚህ ምክንያት የቡድን ጥናት ለዚህ ትምህርት ተጨማሪ ማጣፈጫ ሳይሆን ራሱ መሣሪያው ነው ብለን እናምናለን። ለዚህም ማስረጃ የሚሆነንን ከሩቅ አገር አንፈልግም፤ ከሞጆ ወደ መቂ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ የሚያየው የቆቃ ውሃ ይበቃናል።

ቆቃ እንደ መማሪያ መጽሐፍ

የቆቃ ግድብ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ሲሆን፤ ሥራው ተጠናቆ የተመረቀው በ1960 ነው። የኃይል ማመንጫው ሦስት ተርባይኖች በድምሩ 43.2 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ሆነው ተተከሉ። ከግድቡ በታች አዋሽ ሁለት በ1966፤ አዋሽ ሦስት በ1971 ተከተሉ፤ ሁለቱም በቆቃ ተርባይን ያለፈውን ያንኑ ውሃ መልሰው ይጠቀሙበታል። ዛሬ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ አቅም ካለው ከዓባይ ግድብ አጠገብ ሲቆም ቆቃ ትንሽ መስሎ ይታያል። ለተማሪ ግን ትንሽነቱ ይጠቅማል፤ ነገሩን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ለመሣል ይመቻልና።

ከግድቡ በታች ደግሞ የወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አለ። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1954፤ ግድቡ ሳይሠራ ነበር። የሸዋ ፋብሪካ በ1962 ተጨመረ፤ ድርጅቱም በ1975 በመንግሥት ተወረሰ። ባለቤቱ ቢለዋወጥ፤ ፋብሪካው ቢያረጅና በአዲስ ቢተካ፤ አገዳው ውሃ የሚጠጣው ከዚያው ከአዋሽ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ደግሞ ገበሬው በሞተር ውሃ እየሳበ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማል፤ ዓሣ አስጋሪውም ቆሮሶና አምባዛ ያወጣል።

እንግዲህ በአንድ ስፍራ ሦስት ዓይነት ነገር አገኘን። ውሃው ክምችት ነው፤ በክረምት ገብቶ ለበጋ ይቀመጣል። ኤሌክትሪኩ አገልግሎት ነው፤ ማታ ማታ ከተማው መብራት በሚያበራበት ሰዓት መመንጨት አለበት፤ ትናንት የተረፈውን ዛሬ እንጠቀም ማለት አይቻልም። ስኳሩ ምርት ነው፤ በጆንያ ታስሮ ገበያ እስኪመጣ ይጠብቃል። ቲማቲሙ ከሁለቱ መካከል ነው፤ ምርት ቢሆንም ጥቂት ቀን ካደረ ይበሰብሳል። የመማሪያ መጽሐፍ በልዩ ልዩ ምዕራፍ ከፋፍሎ የሚያስተምረውን ቆቃ በአንድ ወንዝ ላይ አስተሳስሮ ያሳየናል።

አራት ወንበር ያለው መልመጃ

እኛ የምንመክረው መልመጃ እንደሚከተለው ነው። በቡድኑ ውስጥ አራት ወንበር ይኑር። አንደኛው የኃይል ማመንጫው ኃላፊ፤ ሁለተኛው የታችኛው መስኖ ኃላፊ፤ ሦስተኛው የጎርፍ ጠባቂ፤ አራተኛው የሐይቁ ዳር ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ጠበቃ ነው። አምስተኛ ሰው ካለ ሒሳቡን ይያዝ።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለመልመጃ ያህል እኛ ያወጣናቸው እንጂ የግድቡ ትክክለኛ ልክ አይደሉም። ሐይቁ ሲሞላ 100 እጅ ውሃ ይይዛል እንበል። በሰኔ መጨረሻ 20 እጅ ቀርቶታል። በሐምሌ፤ በነሐሴና በመስከረም ዝናቡ ደግ ከሆነ 120፤ ክፉ ከሆነ 60 እጅ ይገባል። በቀሩት ዘጠኝ ወራት የሚገባውን እንተወው። የኃይል ማመንጫው ኃላፊ በየወሩ ሳያቋርጥ 8 እጅ ይለቀቅልኝ ይላል።

በደጉ ዓመት 20 ላይ 120 ተጨምሮ በሦስቱ ወራት የተለቀቀው 24 ሲቀነስ 116 ይሆናል። ሐይቁ የሚይዘው 100 ነውና 16 እጅ ያለ ጥቅም በማስተንፈሻ በሮች ይወጣል፤ በታች ላለው መንደር ይህ ጎርፍ ነው። በክፉው ዓመት 20 ላይ 60 ተጨምሮ 24 ሲቀነስ 56 ይቀራል። ለዘጠኙ ወራት የሚያስፈልገው ግን 72 ነው። ውሃው በሚያዝያ መጨረሻ ያልቃል፤ ግንቦትና ሰኔ በጨለማ ያልፋሉ። አንዱ ደንብ በአንድ ዓመት 16 እጅ ያስደፋል፤ በሌላው ዓመት ያንኑ 16 እጅ ያስርባል ማለት ነው።

አሁን ክርክሩ ይጀመራል። የጎርፍ ጠባቂው ክረምት ሳይገባ ሐይቁ እስከ 4 እጅ ድረስ ይራቆት ይላል፤ እውነትም በደጉ ዓመት ልክ 100 ሞልቶ አንድ ጠብታ አይደፋም። ነገር ግን ዝናቡ ክፉ ከሆነ በጥቅምት የሚገኘው 40 እጅ ብቻ ነው፤ ይኸውም የአምስት ወር ስንቅ ነው። የመስኖው ኃላፊ ደግሞ ውሃው በየወሩ እኩል ሆኖ መምጣቱ አይጠቅመውም፤ በክረምት አይፈልገውም፤ በበጋ እጥፍ ይፈልጋል። የሐይቁ ዳር ጠበቃ ውሃው ወዲያ ወዲህ በማለቱ ሞተሩን በየጊዜው ማንሣትና መትከል እንደሰለቸው ይናገራል። ሁሉም እውነት አላቸው፤ ሁሉም ግን የሚወስኑት ዝናቡ ምን እንደሚሆን ሳያውቁ ነው። የሥራ አመራር ማለት ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ሒሳብ ያዡ አንድ ነገር ይጨምር፤ ደለል። ከደጋው የሚታጠበው አፈር በቆቃ ሐይቅ ውስጥ እየተከማቸ የውሃውን ቦታ ብዙ እንደ ያዘ የታወቀ ነው። በመልመጃችን አቅሙ ከ100 ወደ 70 ወረደ እንበል። በደጉ ዓመት የሚደፋው ከ16 ወደ 46 ያድጋል፤ የሚቀረው 70 እጅም ለዘጠኙ ወራት ከሚያስፈልገው 72 ያንሳል። ዝናቡ ደግ ሆኖ ሳለ ጎርፉም እጥረቱም በአንድ ዓመት መጡ። ይህን ያየ ተማሪ ከደጋው ገበሬ ማሳ ላይ የሚሠራ እርከን የኃይል ማመንጫው ሥራ አንዱ ክፍል መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይገነዘባል።

ከዓሣ ቤቱ የሚገኝ ትምህርት

ለአገልግሎት ደግሞ ቀላል ምሳሌ በቆቃ መንገድ ዳር ያሉት ዓሣ ቤቶች ናቸው። ጆን ሊትል በ1961 ያረጋገጠው ሕግ እንዲህ ይላል፤ በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት በሰዓት ከሚገባው ሰው ብዛትና አንዱ ሰው በቤቱ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። በሰዓት 12 እንግዳ ቢገባና እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ቢቆይ፤ በአማካይ 9 ሰው በቤቱ ይገኛል ማለት ነው።

እሑድ በሰዓት 20 እንግዳ ቢመጣ፤ ማድ ቤቱ ግን በሰዓት ከ15 ሰሐን በላይ መጥበስ ባይችል፤ ባለቤቱ ወንበር ቢጨምር ምን ያተርፋል? በየሰዓቱ አምስት ሰው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ልዩነቱ ቆሞ በመጠበቅ ፈንታ ተቀምጦ መጠበቁ ነው። ማነቆው መጥበሻው ነውና። በቡድኑ አንዱ አሳላፊ፤ አንዱ ጠባሽ፤ አንዱ እንግዳ፤ አንዱ ባለቤት ሆነው ቢከራከሩ፤ አሳላፊው ወንበር ይጨመር ሲል ጠባሹ ለምን እንደሚቆጣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ቡድን የተባለ ሁሉ ቡድን አይደለም

እዚህ ላይ በየትምህርት ክፍሉ የምናየውን ነገር በግልጥ መናገር ይገባናል። የቡድን ሥራ ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ አንዱ ይጽፋል፤ አራቱ ስማቸውን ያስመዘግባሉ። ወይም ደግሞ ጽሑፉ በአምስት ይከፈልና እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ሠርቶ ያመጣል፤ በመጨረሻው ሌሊት ይጣበቃል። ይህ ሁለተኛው ለብዙዎች ቅንነት ያለበት ይመስላቸዋል። ነገር ግን የፎርድን መስመር ያለ ቦታው ማስገባት ነው። አውቶሞቢል ከፋፍሎ መገጣጠም የተቻለው ሙሉውን አውቶሞቢል አስቀድሞ ያሰበ ሰው ስለ ነበረ ነው። ተማሪ ግን ሙሉውን ገና አላወቀውም፤ ሊያውቀው ነው የመጣው። ሥራውን በአምስት ሲከፍለው የተከፈለው ዕውቀቱ ነው።

የአገራችን ገበሬ ይህን ልዩነት ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል። በደቦ ባለ ማሳው ጠላና ምግብ ያዘጋጃል፤ የመጣው ይሠራል፤ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። በወንፈል ግን ዛሬ በአንተ ማሳ የዋለ ነገ በእርሱ ማሳ ትውልለታለህ፤ በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድም ጂጊና ዳዶ የሚባሉት እንዲሁ ይለያያሉ። የእኛ ቡድን በደቦ ስም ተጠርቶ ጠላው ብቻ የሚጠጣበት እንዳይሆን ወንፈል ልናደርገው ይገባል። ለዚህም አራት ደንብ እንመክራለን።

አንደኛ፤ እያንዳንዱ አባል የወንበሩን ሒሳብ በገዛ እጁ ይሥራ፤ ከስብሰባው በፊትም ይዞ ይምጣ። ሁለተኛ፤ በሁለተኛው ሳምንት ወንበር ይለዋወጡ፤ ትናንት ለመብራት የተሟገተ ዛሬ ለጎርፍ ጠባቂው ይሟገት። ሦስተኛ፤ ሥራው ለመምህሩ ሲቀርብ ተናጋሪው በዕጣ ይመረጥ። ዕጣው በማን ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅምና ሁሉም ሙሉውን ማወቅ ግድ ይሆንበታል። አራተኛ፤ ያልተስማማ አባል ካለ አሳቡ ከነምክንያቱ በጽሑፉ ላይ ይግባ፤ ለሰላም ሲባል አይደምሰስ።

ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ መሐንዲሶች፤ የኢኮኖሚ ሊቃውንትና የፖለቲካ ሳይንስ መምህራን ስለ ውሃ ሀብት ዕቅድ በአንድነት አጥንተው ውጤቱን በ1962 በመጽሐፍ አውጥተዋል። በየሙያቸው ሊቅ የነበሩት እነዚህ ሰዎች ግድብን ለአንድ ሙያ ብቻ አልተዉትም፤ እኛ ጀማሪዎቹማ ብቻችንን እንችለዋለን ብንል አያምርብንም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን! ከዚህ ወጥተን ሥራ ስንይዝ እያንዳንዳችን የምንቀመጠው በአንድ ወንበር ላይ ብቻ ነው። አንዱ መብራት ኃይል፤ አንዱ ስኳር ፋብሪካ፤ አንዱ ግብርና ይገባል። ያን ጊዜ ወንበር መለዋወጥ አይቻልም፤ ከሌላው መሥሪያ ቤት የሚመጣው ደብዳቤም ዝም ብሎ ሥራ የሚያሰናክል ይመስለናል። ውሃው ግን አንድ ነው፤ የአንዱ ቢሮ ውሳኔ ለሌላው ጎርፍ ወይም ጥም ሆኖ ይደርሰዋል። በሌላው ወንበር ተቀምጦ ለማየት ነፃነቱ ያለን አሁን፤ በተማሪነታችን ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው የቡድን ሥራ ስማችንን ከማስመዝገባችን በፊት የትኛውን ወንበር እንደያዝን እንጠያየቅ።