ትምህርት 12፦ የዛፍ ላይ ኦርኪድን ለይቶ ማወቅና በቤት ማሳደግ

ሀ. መግቢያ

የአንድን ሥራ አሠራር የሚያስረዳ ድርሰት ሁለት ክፍሎች ሊኖሩት ይገባል። በመጀመሪያው ክፍል ሥራው የሚሠራበት ነገር ምንነት ተለይቶ ይታወቃል፤ በሁለተኛው ክፍል የሥራው ቅደም ተከተል ይገለጻል። የመጀመሪያው ክፍል ከጎደለ፣ ሁለተኛው የቱንም ያህል ቢጣራ አንባቢውን ያሳስታል። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ፣ እያንዳንዱ የአያያዝ መመሪያ ከየትኛው የዕፁ ባሕርይ እንደ መነጨ አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

በአገራችን ደኖች ውስጥ በዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩ ልዩ ልዩ የኦርኪድ ዓይነቶች ይገኛሉ። ብዙ ሰዎች እነዚህን ዕፀዋት ከተቀጥላ ለይተው አያዩአቸውም። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከፍተኛ ነው። ተቀጥላ ወደ ዛፉ አካል ሰርጎ በመግባት ውሃና ማዕድን ይመጥጣል። ኦርኪዱ ግን ዛፉን የሚፈልገው ለማረፊያነት ብቻ ነው። ውሃውን ከዝናብ፣ ከጉምና ከጤዛ ይቀበላል፤ ምግቡንም በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ራሱ ያዘጋጃል። ስለዚህ ተቀጥላ ነው ተብሎ ተቆርጦ የሚጣል ኦርኪድ ባላጠፋው ጥፋት የተቀጣ ነው።

ከእነዚህ ኦርኪዶች አንዱ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ይባላል። ኤራንጊስ የሚለው ስም «አየር» እና «ዕቃ» የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ዕፁ ከኢትዮጵያ ሌላ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ይበቅላል። የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጀምሮ ባሉ ጥላማና እርጥብ ደኖች ውስጥ ነው።

ይህን ኦርኪድ ለመለየት ግንዱን፣ ቅጠሉን፣ አበባውንና ሥሩን በተራ መመርመር ያስፈልጋል። ግንዱ አጭር ነው። ቅጠሎቹ ወፈር ያሉና ጥቁር አረንጓዴ ሲሆኑ ጫፋቸው እኩል ባልሆኑ ሁለት ክፍሎች የተከፈለ ነው። አበባዎቹ ነጭና ኮከብ መሰል ናቸው፤ በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ከእያንዳንዱ አበባ በስተጀርባ ከ12 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ይወርዳል። ጣፋጩ ፈሳሽ የሚገኘው በዚህ ቱቦ መጨረሻ ላይ ስለ ሆነ፣ ሊደርስበት የሚችለው ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት ነው። የአበባው ንጣትና በሌሊት የሚያይል መዓዛው ይህንኑ የሌሊት እንግዳ ለመጥራት ያገለግላሉ።

በአገራችን የሚገኙ ሌሎች የኤራንጊስ ዝርያዎች ይህን ሊመስሉ ይችላሉ። ነገር ግን የኤራንጊስ ቶምሶኒ ግንድ እስከ 1 ሜትር ድረስ ሊረዝም ይችላል፤ በምሥራቅ አፍሪካ በሚገኘው የኤራንጊስ ሉቴዎአልባ ዓይነት አበባ መካከል ደግሞ ደማቅ ቀይ ነጥብ ይታያል። ስለዚህ አበባ በሌለበት ጊዜ ግንዱን፣ አበባ ባለበት ጊዜ የአበባውን መካከል ማየት ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

ለአያያዙ ቁልፍ የሆነው ግን ሥሩ ነው። ሥሩ ስፖንጅ በመሰለ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ሲደርቅ ብርማ ነጭ ይሆናል፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ አረንጓዴነት ይለወጣል። በአየር ላይ መኖር የለመደ ሥር በአፈር ውስጥ ቢቀበር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ኦርኪድን እንደ ጽጌረዳ በአፈር የሞላ ማሰሮ ውስጥ የሚተክል ሰው ዕፁን የሚገድለው በቸልተኝነት ሳይሆን ባለማወቅ ነው።

ስለዚህ ዕፁ ቅርፊቱ ሻካራ በሆነ እንጨት ላይ በሲባጎ ይታሰራል። ሲታሰርም ውሃ በቅጠሎቹ መካከል ተጠራቅሞ እንዳያበሰብሰው ጫፉ ወደ ታች ዘንበል እንዲል ይደረጋል። ከዚያም የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኘው በረንዳ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይሰቀላል፤ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋልና። ውሃ በማለዳ ይረጭለታል። ሥሩ አረንጓዴ ሲሆን መርጨቱ ይቆማል፤ ነጭ እስኪሆንም ድረስ ይጠበቃል። በበጋ በየቀኑ ማጠጣት ሊያስፈልግ ይችላል፤ በክረምት ግን ያንሳል። ማዳበሪያ ከተሰጠውም በዕቃው ላይ ከታዘዘው መጠን ወደ አንድ አራተኛ ቀጥኖ መሆን አለበት።

ዕፁ ከየት ይገኛል? የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለ ሆነ፣ በደን ውስጥ የሚበቅለው በጥቃቅን ፈንገሶች ርዳታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ሉዊስ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ የዕፀዋት ሊቅ፣ ስኳር በገባበት የረጋ ንጥረ ምግብ ላይ ዘሩን ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። በዚህ ምክንያት ዛሬ ኦርኪድን ከዘር ማባዛት ይቻላል፤ ከደን መንቀል አስፈላጊ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነትም ኦርኪዶች ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወሩ ፈቃድ እንዲኖራቸው ያዛል። ዛፍ ወድቆ ኦርኪዱ በመሬት ላይ ከተገኘ፣ የቦታውን ኃላፊ አስፈቅዶ በአቅራቢያው ባለ ዛፍ ላይ መልሶ ማሰር ከሁሉ የተሻለ ሥራ ነው።

ሐ. ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽና የድርጊት ቅደም ተከተል

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ሥሩን ተመልክታችሁ ውሃ ርጩ።
2. ውሃ ረጭታችሁ ሥሩን ተመልከቱ።

«ተመልክታችሁ» እና «ረጭታችሁ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገርን አይዘጋም፤ ዋናውን ግሥ ይጠብቃል። እንዲህ ባለው የመመሪያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በቦዝ አንቀጽ የተነገረው ድርጊት በዋናው ግሥ ከተነገረው ይቀድማል። በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ያሉት ድርጊቶች አንድ ዓይነት ቢሆኑም የሚያስከትሉት ውጤት የተለያየ ነው። በመጀመሪያው የታዘዘ ሰው ሥሩ መድረቁን አረጋግጦ ያጠጣል፤ በሁለተኛው የታዘዘ ግን ሥሩ እርጥብ ሳለም ውሃ ይጨምራል። መመሪያ ጸሐፊ የግሡን ቅርጽ በጥንቃቄ የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

መ. መልመጃ

1. ኦርኪድና ተቀጥላ በምን ይለያያሉ? በሦስት ዐረፍተ ነገሮች መልሱ።
2. «ጫፉ ወደ ታች ዘንበል እንዲል ይደረጋል» የሚለው መመሪያ ምክንያቱ ምንድን ነው?
3. «ኦርኪዱ ውሃ ጠጥቶ ሥሩ ነጭ ሆነ።» በዚህ ዐረፍተ ነገር ያለው ስሕተት የሰዋስው ነው ወይስ የሐሳብ? አስረዱ።
4. በቦዝ አንቀጽ እየተጠቀማችሁ የኦርኪዱን አስተሳሰር በአራት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።
5. ድርሰት፦ በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ዕፅ ምረጡ። በመጀመሪያው አንቀጽ ከሚመስሉት ዕፀዋት የሚለይበትን ምልክት፣ በሁለተኛው አንቀጽ አያያዙን ግለጹ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ፣ ዕፁን ዐይቶ የማያውቅ ሰው በድርሰታችሁ ብቻ ተመርቶ ሊያገኘውና ሊያሳድገው ይችል እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።