ጥሩ ቤዝ ጊታር በምን ይታወቃል? ፊዚክስ ለገዢ የሚሰጠው ምክር

ሙዚቃ ስንሰማ ጆሯችን አስቀድሞ የሚከተለው ዘፋኙን ነው። ከሥር ሆኖ ምቱን ከዜማው ጋር የሚያስተሳስረውን ቤዝ ጊታር ግን ብዙዎቻችን ልብ የምንለው ሲጠፋ ነው። በሀገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬና የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወቱት ይህንኑ መሣሪያ ነው። ዛሬም በየትምህርት ተቋሙ የሙዚቃ ክበባት ውስጥ ቤዝ ለመማር የሚሹ ወጣቶች አሉ። የአብዛኞቹ ችግር የሚጀምረው ከግዢው ነው። ገንዘቡ በወራት ቁጠባ የተገኘ ነው፤ ሻጩ የሚናገረው ደግሞ ስለ ስምና ስለ ቀለም ነው። መሣሪያው ጉድለት ካለበት ጀማሪው ቅኝቱ የተዛባው በማን ጥፋት እንደሆነ መለየት አይችልም፤ ስለዚህ «እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርሁም» ብሎ ይተወዋል። ይህ ኪሳራ ከገንዘቡ ይበልጣል።

በዚህ ጽሑፍ የቤዝ ጊታርን አሠራር በፊዚክስ ሕግጋት እንመረምራለን፤ ከዚያም ሕግጋቱን ለግዢ እንጠቀምባቸዋለን። ልናሳይ የምንፈልገው ዋና ነገር የቤዝ ጥራት በአብዛኛው ሊለካ የሚችል መሆኑን ነው። መለኪያዎቹም ሜትር፣ የስልክ መቃኛ ፕሮግራምና ጥንቃቄ ያለው ጆሮ ናቸው።

የመሣሪያው አመጣጥ

ከኤሌክትሪክ ቤዝ በፊት በሙዚቃ ጓዶች ውስጥ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ኮንትራባስ ነበር። መሣሪያው ለማጓጓዝ ያስቸግራል፤ ድምፁም በከበሮና በነፋስ መሣሪያዎች መካከል ይዋጣል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፖል ተትማርክ የተባለ የሲያትል ነዋሪ እንደ ጊታር በአግድም የሚያዝ ኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ሰፊ ገበያ አላገኘም። መሣሪያውን በዓለም ያሰራጨው በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው ሊዮ ፌንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ሞዴል «ፕሪሲዥን» ተባለ፤ ትርጉሙም «ትክክለኛነት» ነው። ስሙ የተገኘው በአንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ማለትም ከፍሬቶች ነው። የክሩን ርዝመት የሚወስነው ፍሬቱ ስለሆነ የተጫዋቹ ጣት ጥቂት ቢያፈነግጥም ድምፁ ከቅኝት አይወጣም። በዚህ ሞዴል ላይ የተመረጠው 34 ኢንች ወይም 864 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመት ዛሬም የአብዛኞቹ ቤዞች መደበኛ ልክ ነው።

የክር ሕግ

ፈረንሳዊው መነኩሴና ሊቅ ማረን መርሰን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው መጽሐፍ የክርን ንዝረት የሚገዛውን ሕግ አስፍሯል። ሕጉ በዛሬው አጻጻፍ እንዲህ ይቀመጣል፦

ድ = √(ው ÷ መ) ÷ (2 × ር)

እዚህ ላይ ድ በሰከንድ የሚደረገው የንዝረት ድግግሞሽ፣ ው የክሩ ውጥረት፣ መ የአንድ ሜትር ክር መጠነ ቁስ፣ ር ደግሞ የክሩ ርዝመት ነው። ከዚህ የምንረዳው ድምፅን ለማወፈር ሦስት መንገዶች እንዳሉ ነው፤ ክሩን ማስረዘም፣ ማላላት ወይም ማክበድ። ቤዝ ሰሪዎች ማስረዘምንና ማክበድን መርጠዋል። የላላ ክር በፍሬቶቹ ላይ ይንቀጠቀጣልና።

አራቱ የቤዝ ክሮች ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ሲባሉ ድግግሞሻቸው በቅደም ተከተል 41.2፣ 55፣ 73.4 እና 98 ሄርዝ ነው። የተለመደው ወፍራም የኢ ክር በአንድ ሜትር ወደ 33 ግራም ይመዝናል። ቁጥሮቹን በቀመሩ ብናስገባ ውጥረቱ ወደ 170 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም 17 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ክሩ ላይ ከማንጠልጠል ጋር እኩል ነው። አራቱ ክሮች ሲደመሩ አንገቱን የሚጎትቱት ወደ 80 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ክብደት ነው። ጉልበቱ ሌሊትም ቀንም አያርፍም። ስለዚህ በርካሽ ቤዝ ላይ ቀድሞ የሚፈተነው የአንገቱ ጥንካሬ ነው።

የፍሬቶቹም ቦታ በስሌት የተወሰነ ነው። አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃዎች ሲከፈል እያንዳንዱ ደረጃ ድግግሞሹን በ1.0595 ያባዛል። ስለዚህ በ864 ሚሊ ሜትር ቤዝ ላይ ከአንገቱ ጫፍ፣ ክሩ ከሚያርፍበት ነት፣ እስከ 1ኛው ፍሬት 48.5 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 5ኛው 216.7 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 12ኛው ደግሞ በትክክል ግማሹ ማለትም 432 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ከንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ

በገናና ክራር ድምፃቸውን የሚያጎሉት በቆዳ በተሸፈነው ባዶ ገላቸው ነው። የኤሌክትሪክ ቤዝ ገላ ግን በአብዛኛው ድፍን እንጨት ነው። ድምፁን የሚያነሣው ፒክአፕ የተባለው ክፍል ሲሆን፣ እርሱም በመግነጢስ ዙሪያ በሺዎች ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ሲንቀጠቀጥ መግነጢሳዊ መስኩን ያውካል፤ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳረጋገጠውም የሚለዋወጥ መስክ በሽቦው ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ማጉያው የሚያጎላው ይህንን ጥቃቅን ቮልቴጅ ነው። የናይለን ክር በዚህ መሣሪያ ላይ የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ለገዢ የሚጠቅም ትምህርት እናገኛለን። ፒክአፑ የሚያነበው የክሩን እንቅስቃሴ እንጂ የእንጨቱን ስም አይደለም። ስለዚህ ከክሩ፣ ከፒክአፑ ዓይነትና ቦታ፣ ከተጫዋቹም ጣት ጋር ሲነጻጸር የገላው እንጨት በድምፁ ላይ ያለው ድርሻ አነስተኛ ነው። እንጨት ፈጽሞ አይቆጠርም ማለት ግን አይደለም። አንገቱ የራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ስላለው፣ የክሩ ድግግሞሽ ከእርሱ ጋር ሲገጥም የክሩን ኃይል ይመጥጠዋል፤ ድምፁም ቶሎ ይሞታል። ይህ «ሙት ቦታ» በብዙ ቤዞች ላይ በጂ ክር ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት አካባቢ ይገኛል። በውድ መሣሪያዎችም ላይ ስለሚታይ ብቻውን የርካሽነት ምልክት አይደለም።

ፒክአፕ የክሩን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር መስክም ይቀበላል። በኢትዮጵያ የመስመሩ ድግግሞሽ 50 ሄርዝ ነው። በኢ ክር ላይ 3ኛው ፍሬት የሚሰጠው ድምፅ ደግሞ 49 ሄርዝ ነው። ሁለቱ በአንድነት ሲሰሙ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ይፈጠራል። ጀማሪው ይህን የጣቱ ስሕተት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1957 በፕሪሲዥን ላይ ያስገባው ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ ለዚህ መፍትሔ ሰጥቷል። የአንደኛው ግማሽ ሽቦም መግነጢስም በተቃራኒ አቅጣጫ ይደረጋል። የክሩ ምልክት ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ ሳይለወጥ ይቀራል፤ የመስመሩ ረብሻ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገለበጥ ይጣፋል። ይህ ዓይነት ፒክአፕ ዛሬ በርካሽ ቤዞችም ላይ ስለሚገኝ ለጀማሪ እንመክረዋለን።

የዋጋ ልዩነት ከየት ይመጣል?

ቀድሞ የፍሬት ጎድጓዶች ትክክለኛነት በሠራተኛው እጅ ይወሰን ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር የሚመሩ ማሽኖች ርካሹንም ውዱንም በተመሳሳይ ጥራት ይቆርጣሉ። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1982 ስኳየር በሚል ስም በጃፓን ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው መሣሪያዎች ማሠራት ጀመረ፤ በኋላም ምርቱ እንደ ቻይናና ኢንዶኔዥያ ወዳሉ ሀገሮች ተሻገረ። የስኳየር አፊኒቲ፣ የያማሃ ቲአርቢኤክስ 174 እና የአይባኔዝ ጂኦ ቤዞች ዋጋቸው ከአሜሪካው ፌንደር ሲሶ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሠራተኛ ደመወዝ፣ ከኤሌክትሪክ ክፍሎች፣ ከመቃኛዎች ጥራት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍሬቶችን በእጅ ከማስተካከልና ከመጨረሻው ቁጥጥር ነው። በዚህ የተነሣ በርካሽ ሞዴሎች ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ቤዞች የተለያየ ጥራት ሊኖራቸው ይችላል። መመርመር ያለብን ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን በእጃችን ያለውን መሣሪያ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረጉ ፈተናዎች

1. አንገቱ። የኢን ክር በ1ኛውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ በአንድነት እንጫን። የተወጠረ ክር ቀጥተኛ መስመር ስለሆነ እንደ ማስመሪያ ያገለግለናል። በ7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ወፍራም የአድራሻ ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በአንገቱ ውስጥ በተቀበረው የብረት ዘንግ፣ በትረስ ሮዱ፣ ይስተካከላል። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም ከጎበጠ ወይም አንገቱ ከተጠማዘዘ ግን መሣሪያውን መተው ይሻላል።

2. ፍሬቶቹ። እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ እየተጫንን አንድ በአንድ እንምታ። በበገና ላይ በክሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው የጠፍር ቁራጭ፣ እንዚራው፣ ሆን ተብሎ የሚያስነዝር ነው፤ የመሣሪያው ግርማም ከዚያ ይገኛል። በቤዝ ላይ ግን በአንድ ቦታ ብቻ የሚሰማ «ዝዝ» የሚል ድምፅ ከፍ ያለ ፍሬት መኖሩን ያመለክታል። በሁሉም ቦታ ከተሰማ አንገቱ ወይም የክሮቹ ከፍታ ብቻ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

3. ቅኝቱ። ክሩን በ12ኛው ፍሬት ልክ ሳንጫን በስሱ ነክተን ብንመታው በግማሹ ተከፍሎ ይንቀጠቀጣል፤ ድግግሞሹም እጥፍ ይሆናል። አሁን በዚያው ፍሬት ተጭነን እንምታው፤ መቃኛው ሁለቱን እኩል ማሳየት አለበት። የተጫንነው ከፍ ካለ ክሩ የሚያርፍበትን የድልድይ ክፍል ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ማቅረብ ያስተካክለዋል። ማስተካከያው ጫፉ ደርሶ ልዩነቱ ካልጠፋ የፍሬቶቹን ርቀት በሜትር እንለካ። ያረጁ ክሮችም ይህን ስሕተት ስለሚያመጡ በአዲስ ክር መፈተን ይመረጣል።

4. መቃኛዎቹ። ክሮቹን ቃኝተን ለአሥር ደቂቃ በጉልበት እንጫወትና እንደገና እንለካ። አዲስ ክር ጥቂት መለጠጡ የተለመደ ነው፤ መቃኛው ራሱ ሲላላ ግን ጉድለት ነው።

5. የኤሌክትሪክ ክፍሉ። የድምፅ ቁልፎቹን እናዙር፤ መንኳኳት ብቻ ከሆነ አቧራ ሊሆን ይችላል። ክሮቹን ስንነካ ረብሻው ከቀነሰ ወይም ካልተለወጠ ደህና ነው። እጃችንን የሚነዝር ስሜት ካለ ግን ወዲያውኑ ማጉያውን ከሶኬት እንንቀል፤ የመሬት መስመሩ ችግር አለበት፤ ይህም ለሕይወት አደገኛ ነው።

6. ማጉያው። አነስተኛ ድምፅ ማጉያ 41 ሄርዝን በሚገባ ማውጣት አይችልም። ጆሯችን ግን ከ82.4 እና ከ123.6 ሄርዝ ተነሥቶ የጎደለውን መሠረታዊ ድምፅ ይሞላዋል። ስለዚህ «ቤዙ ቀጥኗል» ብለን ከመፍረዳችን በፊት በሌላ ማጉያ ወይም በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ እንሞክረው።

ከውጭ ለሚመጣ ቤዝ

ብዙ ቤዞች ወደ ሀገራችን የሚገቡት በዘመድ ሻንጣ ነው። ሙሉ ርዝመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ መሣሪያ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ይሁን እንጂ ከላይ የጠቀስናቸው ሞዴሎች አንገት ከገላው ጋር የተያያዘው በብሎን ነው። ክሮቹን አላልቶ ብሎኖቹን በመፍታት ለሁለት ተከፍሎ ሊጓዝ ይችላል። እንጨት የአየሩን እርጥበት ስለሚስብና ስለሚለቅ፣ ተገጥሞ ከተወጠረ በኋላ ጥቂት ቀናት አሳርፎ ማስተካከል ተገቢ ነው። ክረምት ሲገባና በጋ ሲመለስም አንገቱን እንደገና መመርመር ይጠቅማል።

በአጠቃላይ ከስም ይልቅ ቀጥ ያለ አንገት፣ እኩል የተስተካከሉ ፍሬቶች፣ የሚጸና መቃኛና ጸጥ ያለ ፒክአፕ መምረጥ ይበጃል። እነዚህን ያሟላ ርካሽ ቤዝ ለብዙ ዓመታት ያስተምራል። ፈተናዎቹን ሁሉ ለማከናወን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ግማሽ ሰዓት ለመታገሥ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመን ደግሞ ወደ ሌላው መሄድ ነው።