ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ሐሞት የሚወርድበት ቦይ

ይህን ምዕራፍ የገለጡት ወይ ከቤትዎ አንዱ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ወይ እርስዎ ራስዎ ክትፎ የበሉ ሌሊት ቀኝ ጎንዎን ይዘው አድረው ነው። ስለ ሕመሙ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። እኔ ማሳየት የምፈልገው ቦታውን ነው፤ ምኑ የት እንዳለ፣ ምኑ በየት እንደሚወርድ። ቦዩን የማያውቅ ሰው የተዘጋበትን አያገኝም።

ጉበትን ያወቅሁት ጤና ረዳት ለመሆን ከመማሬ በፊት፣ በሰፈር ቅርጫ ነው። በሬው ተገፎ ሆዱ ሲከፈት አጎቴ ጉበቱን ማንንም አያስነኩም ነበር። ከሥሩ የተለጠፈችውን አረንጓዴ ከረጢት አንገቷን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይይዙና ትንሽ ጉበት እላይዋ አስቀርተው በቢላ ጫፍ ይለዩዋታል፤ ከዚያ እንደ እንቁላል ይዘው ራቅ ወዳለ ቦታ ይጥሏታል። አንድ ዓመት ለፋሲካ አንድ ችኩል ጎረምሳ ወጋት። ጉበቱ መረረ፣ ዱለቱ ቀረ፣ ያ መደብ የደረሳቸው ሰዎች እስከ ዳግማ ትንሣኤ ተኮራርፈው ከረሙ። ጉበትና ሐሞት ጎረቤት እንጂ አንድ እንዳልሆኑ ያን ቀን ገባኝ።

የሰውም አቀማመጥ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። በቀኝ በኩል፣ በታችኞቹ ጎድን አጥንቶች ተከልሎ፣ ከድያፍራም ሥር ተቀምጧል፤ የግራ ክንፉ እስከ ጨጓራ ድረስ ይዘረጋል። ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። በአገራችን ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ «ጨጓራዬ» ነው። ሰዉ ያለ ማዘዣ ኪኒን እየገዛ ዓመት ይከርማል፤ ሻጩም አይጠይቅም፣ ገዢውም አይናገርም። ከእነዚህ «ጨጓራዎች» ስንቱ የሐሞት ጠጠር እንደሆነ የሚገለጠው አልትራሳውንድ ሲታዩ ነው። ጉበት ራሱ ሥጋው አያምም፤ የሚያምመው እላዩ የተሸፈነበት ስስ ልባስ ሲወጠር ነው። ስለዚህ «አያመኝም» ማለት «ጤነኛ ነኝ» ማለት አይደለም።

ክሎድ ኩይኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1957 እ.ኤ.አ. ጉበትን 8 ቦታ ከፍሎ አሳየ። ድንበሩ ከላይ አይታይም፤ የሚለየው በውስጡ ባሉት ደም ሥሮች ነው። እያንዳንዱ ክፍል ደም የሚገባበት የራሱ ሥር፣ ሐሞት የሚወጣበት የራሱ ቱቦ አለው። እንደ ቅርጫ መደብ ማለት ነው። ቀዶ ሐኪሙ የታመመውን መደብ አንሥቶ ሌላውን መተው የቻለው በዚህ ነው፤ የቀረው ጤነኛ ከሆነም ያድግና የጎደለውን ይሞላል።

ደም ወደ ጉበት የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንድ አራተኛ ያህሉ ከልብ በቀጥታ በደም ቅዳ ይመጣል። ሦስት አራተኛው የሚመጣው ግን ከአንጀት፣ ከጨጓራና ከጣፊያ ተሰብስቦ ፖርታል በሚባለው ትልቅ ደም ሥር ነው። ጉበት ኬላ ነው። የበሉት፣ የጠጡት አረቄ፣ የዋጡት ኪኒን፣ ጎረቤት «ለሁሉም ይሆናል» ብላ የቀመመችልዎ ቅጠል ሁሉ አብዛኛው ወደ ልብ ከማለፉ በፊት እዚያ ይፈተሻል።

ስለ ቅጠል ካነሣሁ አይቀር፣ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ በጸዓዳ እምባ የሆነውን ልንገርዎ። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የመንደሩ ሰው ሆዱ ውኃ እየቋጠረ ይሞት ጀመር። ቤተሰብ በቤተሰብ ተራ ይታመማል፤ ምክንያቱ ለዓመታት ጠፋ። በኋላ ሲመረመር ከእህላቸው ጋር የሚታጨድ አጌራተም የሚባል አረም ተገኘ። መርዙ ደም ከጉበት የሚወጣባቸውን ጥቃቅን ሥሮች ይጎዳል። መግቢያው ክፍት ሆኖ መውጫው ሲጠብ ደሙ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ፈሳሹም ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። እነዚያ ገበሬዎች መድኃኒት እንኳ አልፈለጉም፤ የበሉት የገዛ ማሳቸውን እህል ነው። ታዲያ በየሚኒባሱ መስኮት «ተፈጥሯዊ ነው፣ ጉበት ያጥባል» ተብሎ የሚለጠፈውን ሳይ ደሜ ይፈላል። አረሙስ ተፈጥሯዊ አልነበረም?

ወደ ሐሞት ልመለስ። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመርታል። ሐሞቱ ከጥቃቅን ቱቦዎች ወደ ቀኝና ወደ ግራ ቱቦ፣ ከሁለቱ ወደ አንድ ይሰበሰባል፤ ልክ ከየማሳው የወጣ ትርፍ ውኃ ወደ አንድ ቦይ እንደሚወርድ። ከጎን በኩል ከከረጢቷ የምትመጣ ጠመዝማዛ፣ ቀጭን ቱቦ ትገናኘዋለች። ከመገናኛው በታች ያለው ዋናው ቦይ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በቆሽት ራስ በኩል አልፎ፣ ከቆሽት ቱቦ ጋር ተጋጥሞ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይፈስሳል። በሩ ላይ የሚከፍትና የሚዘጋ የጡንቻ ቀለበት አለ፤ በ1887 እ.ኤ.አ. አጥንቶ ስሙን የሰጠው ሩጀሮ ኦዲ የተባለ ጣሊያናዊ ገና የሕክምና ተማሪ ነበር። ቆሽትና ሐሞት በአንድ በር መውጣታቸውን ልብ ይበሉ፤ እዚያች በር ላይ የተቀረቀረች አንዲት ጠጠር ቆሽትንም ታቃጥላለች፤ ያ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ከረጢቷ የቡና ሲኒ እንኳ አትሞላም፤ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ነው የምትይዘው። ታዲያ ያ ሁሉ ሐሞት እንዴት ይበቃታል? ውኃውን እየመጠጠች ታወፍረዋለች። ምግብ በሌለ ጊዜ በሩ ይዘጋል፣ ሐሞት ሽቅብ ወደ ከረጢቷ ይመለሳል። ቅባት አንጀት ሲደርስ ከአንጀት ግድግዳ በደም የሚሄድ መልእክት ይደርሳትና ትጨመቃለች። ጠጠር ያለባት ከረጢት ስትጨመቅ ነው እንግዲህ ሌሊት የሚያስጮኸው።

ፋሲካን ያስቡ። 55 ቀን ሽሮና ጎመን የለመደች ከረጢት፣ ዶሮ ሲጮህ በዶሮ ወጥ፣ በቅቤና በቁርጥ ትቀሰቀሳለች። ጾሙን አልነቅፍም፣ እኔም እጾማለሁ። የምነቅፈው ፍስኩን ነው። አባቶቻችን በተልባ ፈትተው፣ ቀስ ብለው ነበር ወደ ሥጋው የሚሄዱት፤ ዛሬ ማን ይታገሣል?

ተልባን ካነሣሁ፣ የእኔ መድኃኒት እሱ ነው። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ማታ በውኃ ተበጥብጦ ያደረ፣ ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ያለ ስኳር። ከዚያ ግማሽ ሰዓት በእግር። ጠጠር ያሟሟል አልልዎትም፤ አያሟሟም። ግን የሆድ ድርቀቴን ያስወገደልኝ፣ ቁርስ ሳልበላ እስከ ቀትር መዋልን ያስተወኝ እሱ ነው፤ በሰዓቱ የሚበላ ሰው ከረጢቷን በሰዓቱ ያራግፋል። ሐኪም ጓደኛዬ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ክብደትዎን ግን በአንድ ወር ለማራገፍ አይጣደፉ፤ ችኩል መክሳት ራሱ ጠጠር ይፈጥራል።

አሁን የዕቁባችንን ጸሐፊ ታሪክ ልንገርዎ። እትዬ እንላቸዋለን፤ ዕዳ ሲጠይቁ ሐሞታም ናቸው። ጠጠር እንዳለባቸው ከታወቀ በኋላ ከስልክ ላይ ባገኙት ምክር አንድ ቀን ሙሉ ጾመው፣ ማታ አንድ ብርጭቆ የወይራ ዘይት በሎሚ ጠጡ። በማግሥቱ አረንጓዴ፣ ለስላሳ እንክብሎች ወጡላቸው። በጠርሙስ ሞልተው አሳዩኝ፤ «ይኸው፣ ያለ ቢላ!» ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ከሰዓት ሲደርስ እንክብሉ ቀልጦ ቅባት ሆነ። ጠጠር አይቀልጥም። ዘይቱ አንጀት ውስጥ ወደ ሳሙና ተለውጦ ነበር የወጣው። እውነተኛው ጠጠር ግን ያ ሁሉ ዘይት ከረጢቷን ሲያስጨምቃት ተነሣ፤ ጠመዝማዛዋን ቱቦ አልፎ ዋናው ቦይ ላይ ተቀረቀረ።

በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው ቢጫ፣ ሽንታቸው የቡና ያህል ጠቆረ፤ ሰገራቸው ኖራ መሰለ፣ ሰውነታቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ምክንያቱን ቦዩን ያየ ሰው ይረዳዋል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲያረጅ ከውስጡ ቢጫ ቀለም ይወጣል፤ ጉበት በሐሞት አድርጎ ወደ አንጀት ይጥለዋል፤ ሰገራን ቡናማ የሚያደርገውም እሱ ነው። ቦዩ ሲዘጋ ሰገራው ይነጣል፣ ቀለሙ ወደ ደም ተመልሶ በሽንት ይወጣል።

ቤተሰቡ ምን አደረገ? «የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ በላያቸው አልፎ ነው» ተባለና ለአምስት ቀን ቅጠል ሲያጠጡ ከረሙ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲላቸው ነው ሆስፒታል የወሰድናቸው። የዓይን ቢጫነት ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ደም ሲፈርስ፣ ጉበት ሲቆስል፣ ቦይ ሲዘጋ። ሐኪምዎን «ከሦስቱ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ አይቆጣም። ቢጫነት ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ጋር ከመጣ ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሁለት ሳምንት አልፎት ቢጫ የሆነ፣ ሰገራው የነጣ ሕፃንም እንደዚያው፤ ፀሐይ ማሞቅ የተዘጋ ቦይ አይከፍትም፣ በየሳምንቱ መዘግየት የልጁን ዕድል ይበላል።

ጉበቱ ራሱ እንዳይጎዳ ደግሞ፣ የጉበት ቫይረስ ክትባት አለ፣ ይከተቡ። የሻገተ ለውዝ ይጣሉ። ውኃ የቋጠረ የበግ ጉበት ለውሻ አይስጡ፤ በውስጡ ያለው ትል በውሻው አድርጎ ወደ ልጆችዎ ይመለሳል።

ወደ እትዬ ልመለስ። ሐኪሞቹ በአፍ በገባ ቱቦ በሩን ከፍተው ጠጠሩን ጎተቱላቸው፤ ከሳምንታት በኋላ ከረጢቷ ራሷ ወጣች። ባላቸው ከቀዶ ጥገናው በፊት ወደ ጎን ወስደውኝ፣ «ሐሞቷ ከወጣ ወኔዋስ?» አሉኝ፤ ተስፋም ሥጋትም ያለበት ጥያቄ ነበር። ካርል ላንገንቡክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በበርሊን ከረጢቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ካወጣ ከ1882 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ያለ እሷ እየኖረ መሆኑን፣ ሐሞቱን የሚሠራው ጉበት እንደሆነ፣ ርግብም ከረጢት ሳይኖራት ሐሞት እንዳላት ነገርኳቸው። እሳቸው ርግብን ብቻ ነው የሰሙት። «እንግዲያ የዋህ ትሆናለች» አሉ።

ከሆስፒታል በወጡ በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ሁለት ዙር ያልከፈልኩትን ዕቁብ ሊጠይቁኝ ደብተራቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።