ከራስ ማስተዋወቅ ወደ ማስረጃ፦ የወጣት ሥራ ፈላጊዎች የግል መለያ በምሥራቅ አዲስ አበባ

መግቢያ

«የግል ብራንድ» የሚለው አነጋገር በሰፊው የተሠራጨው ቶም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ1997 በፋስት ካምፓኒ መጽሔት ካወጣው ጽሑፍ ወዲህ ነው። ዛሬ ጽንሰ ሐሳቡ ብዙውን ጊዜ ራስን በሊንክዲንና በቴሌግራም ከማስተዋወቅ ጋር ይያያዛል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚከራከረው ግን የወጣት ሥራ ፈላጊ መለያ የሚጸናው ስለ ራሱ በሚናገረው ሳይሆን ሌላ አካል ሊያረጋግጥለት በሚችለው ነው በማለት ነው።

ጽንሰ ሐሳባዊ መነሻ

ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው፣ ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ ከመቅጠሩ በፊት በቀጥታ ማየት ስለማይችል በምልክቶች ይመራል። ምልክት ዋጋ የሚኖረው ችሎታው ለሌለው ሰው ማግኘቱ የሚከብድ ሲሆን ነው። «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን የሲቪ ዐረፍተ ነገር ማንም ሊጽፈው ስለሚችል አመልካቹን ከሌላው አይለየውም። የገንዘብና የንብረት ኃላፊነት ላለባቸው መደቦች ዋስ መጠየቁም የዚሁ ችግር ነባር መፍትሔ ነው፤ የአንዱ ስም በሌላው ስም ይደገፋል።

የአዲስ አበባ ማስረጃ

ግሩም አበበና አምስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 በሪቪው ኦፍ ኢኮኖሚክ ስተዲስ ያሳተሙት ጥናት ከመሀል ከተማ ርቀው የሚኖሩ፣ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቁ የአዲስ አበባ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፍሎ ሁለት ድጋፎችን አነጻጽሯል። አንደኛው የትራንስፖርት ድጎማ ነበር። ሁለተኛው የሲቪና የቃለ መጠይቅ ሥልጠናን ከችሎታ ፈተናና ከምስክር ወረቀት ጋር ያጣመረ ዐውደ ጥናት ነበር። ሁለቱም በአጭር ጊዜ መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን አሳድገዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የድጎማው ውጤት ጠፍቶ፣ የዐውደ ጥናቱ ተሳታፊዎች ገቢ ጉልህ ብልጫ አሳይቷል። ይበልጥ የተጠቀሙትም በሥራ ገበያው በአብዛኛው ዝቅተኛ ውጤት የሚኖራቸው ወጣቶች ናቸው።

ውይይት

ግኝቱ ለአያት፣ ለሰሚትና ለየካ አባዶ ነዋሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። የእነዚህ ሰፈሮች ወጣት ችግሩን የሚያየው በታክሲ ሰልፍና በመንገድ ርዝመት ነው። ጥናቱ እንደሚያመለክተው ግን ከርቀቱ ይልቅ የሚዘልቀው እንቅፋት አለመታወቅ ነው። በተጨማሪም የጋራ መኖሪያ ቤቶች በዕጣ ሲተላለፉ ስለቆዩ የቀድሞ ጎረቤታሞች ተበትነዋል፤ «አውቀዋለሁ» የሚል ምስክርና ዋስ የሚገኝበት ትስስርም ሊላላ ይችላል። በቦሌ ጎዳና ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሚያመለክት የአያት ወጣት በዚህ ሁኔታ ስሙን የሚያጸናለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በታወቀ ተቋም የተፈተነ ችሎታ ከረጅም የራስ መግለጫ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ በእጅ የተሠራ ሥራ፣ ለምሳሌ አንድ የሒሳብ መዝገብ ወይም ንድፍ፣ የባለቤቱን ምስጢር በጠበቀ መልክ ለዕይታ መቅረብ አለበት። ሦስተኛ፣ ለአጭር ጊዜ ሥራም ቢሆን የተሠራውን በዝርዝር የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ መጠየቅ ይገባል።

መደምደሚያ

ጥናቱ የለካው በተቋም የተረጋገጠን ችሎታ እንጂ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽታን አይደለም፤ ስለዚህ የኋለኛውን ጥቅም ለማስረዳት ሊጠቀስ አይችልም። ለተመራማሪዎች የሚቀረው ጥያቄ የምስክር ወረቀት በሁሉም እጅ ሲገባ የመለየት ኃይሉ ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው። ለወጣቱ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ ችሎታው አለ፤ የጎደለው ችሎታውን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።