ወንዙ ሲጠራ፦ በቡና አገር የመፀው ዓሣ ማጥመድ

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ዎልአይና ክራፒ የሚባሉትን ዓሦች የሚያጠምዱ ሰዎች በመስከረም ዓይናቸው ከቴርሞሜትር ላይ አይነሣም። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የሐይቁ የላይኛው ውኃ ይበርዳል፤ ሲበርድ ይከብድና ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከሥር ያለው ወደ ላይ ይወጣል። ዓሣውም ቅዝቃዜውን ተከትሎ ቦታውን ይቀይራል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። የእኛን ወንዞች ወቅት የሚለውጠው የውኃው መጠንና ጥራት ነው። ስለዚህ በደቡብ ምዕራብ ዓሣ ማጥመድ መማር የሚፈልግ ሰው ስለ መንጠቆ ከመጠየቁ በፊት ወንዝ እንዴት እንደሚጎድል ማወቅ አለበት።

ከዝናቡ እንጀምር። ሰሜኑና መሀል አገሩ ክረምቱን በሰኔ ጀምሮ በመስከረም ሲያሰናብት፣ ደቡብ ምዕራቡ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ዝናብ አያጣም። አደይ አበባ ፈነዳ ብሎ ከመሀል አገር መንጠቆውን ይዞ የሚመጣ እንግዳ የሚያገኘው አፈር ተሸክሞ የሚያጉረመርም፣ ግንድ የሚያንከባልል ወንዝ ነው። ደለሉ ዘቅጦ ውኃው ወደ መደቡ የሚመለሰው ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ነው፤ ኅዳር ላይ ይበልጥ ይጠራል። የመፀው ዓሣ አጥማጅ ወራት እነዚህ ናቸው።

የውኃው መጉደል ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ባሮን ማሰብ ይበቃል። ባለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከካርቱም ተነሥተው ጋምቤላ ድረስ እየመጡ የምዕራቡን ቡና ጭነው የሚመለሱት መርከቦች መሄድ የሚችሉት ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። በጋ ሲገባ ያው መርከብ ያንሳፈፈ ውኃ ወደ አሸዋና ወደ ተቆራረጡ ጥልቅ ቦታዎች ይለወጣል። ከሚዛንና ከቴፒ ተራሮች ወደ ምዕራብ የሚወርዱት ወንዞች በአኮቦ፣ በጊሎና በባሮ በኩል ወደ ሶባት ገብተው ነጭ ዓባይን ይቀላቀላሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ጎጀብ ከኦሞ ጋር ሆኖ ወደ ቱርካና ይወርዳል። በዓሣ ዓይነት ብዛት ከኢትዮጵያ ተፋሰሶች የባሮ አኮቦን የሚያህል የለም፤ እስካሁን የተመዘገቡት ዓይነቶች ከመቶ በላይ ናቸው። ቡናችን በዓለም ታውቋል፤ ዓሣችን ግን ገና በአገሩም በቅጡ አልታወቀም።

አሁን ዓሣው በዚህ ለውጥ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ክረምት ላይ ወንዙ ከዳሩ ወጥቶ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ሲያለብስ ዓሣው አብሮ ይሰማራል። ነፍሳት፣ ትል፣ ከዛፍ የረገፈ ሾላ፣ ሁሉም በውኃ ውስጥ ስለሚገኝ ምግቡ ሰፊ ነው። አምባዛም እንቁላሉን የሚጥለው በዚህ የጎርፍ ጊዜ፣ ገና ውኃ በሸፈነው ሣር መካከል ነው። ጥቅምት ላይ ውኃው ሲሸሽ መስኩ ይዘጋል። ከየሣሩና ከየጅረቱ ተበትኖ የነበረው ዓሣ ወደ ዋናው ወንዝ ይመለሳል፤ ከዚያም ወደ ጥልቅ ኩሬዎቹ ይሰበሰባል። ብዙ አፍ በጠባብ ቦታ፣ እያነሰ በሚሄድ ምግብ ላይ ይፎካከራል። በዚህ ወቅት መንጠቆ ቶሎ የሚነከሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥራቱም የራሱ ሚና አለው። አምባዛ በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት ረጃጅም ጢሞቹ እየዳሰሰና እያሸተተ ስለሚመገብ ድፍርስ ውኃ አያግደውም። ቆሮሶና የጣና አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሉት የላቢዮባርበስ ወገን ግን ምግባቸውን በማየት ጭምር ይፈልጋሉ። አጥማጁ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆሞ የእግሩን ጣቶች ማየት ከቻለ የነዚህ ዓሦች ጊዜ ደርሷል። ካላየ በአምባዛ ላይ ያተኩር። ሌላም ቀላል ዘዴ አለ፦ ማታ በውኃው ጠርዝ ላይ እንጨት ተክሎ ጠዋት መመልከት። ውኃው ከእንጨቱ ሸሽቶ ካደረ ወንዙ እየጎደለ ነው፤ መልካም ነው። እንጨቱን ካለፈው ግን በላይኛው ተራራ ዘንቧል። ያን ቀን ወደ ወንዝ መካከል መግባት አያስፈልግም፤ ሰማዩ እዚህ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፍ ከላይ ሊደርስ ይችላል።

ዓሣ የት ይቆማል? ወራጁ በድንጋይ ላይ ሲጮኽ ቆይቶ ድንገት ዝም የሚልበት ቦታ አለ፤ ከዚያ በታች ኩሬ ይጀምራል። ፈጣኑ ውኃ ምግብ ያመጣል፣ ዝግ ያለው ውኃ ማረፊያ ይሰጣል። ዓሣው ጉልበቱን ሳይጨርስ የሚመጣለትን ለመልቀም በሁለቱ ድንበር ላይ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ ላይ አዙሮ ይቆማል። ስለዚህ አጥማጁ ከታች በኩል ከጀርባው ቢመጣ ይሻለዋል። ክሩን ከኩሬው በላይ ጥሎ ውኃው ራሱ ማባበያውን ይዞት እንዲወርድ መተው ነው። ከባድ እርሳስ እዚህ ላይ ጠላት ነው፤ ትሉን ከሥር ቸንክሮ ያስቀረዋል። ፀሐይ ከኋላ ስትሆን የሰው ጥላ በኩሬው ላይ እንዳይወድቅ መጠንቀቅም ያስፈልጋል። ጠዋትና አመሻሽ ከቀትር ይመረጣሉ።

ለማባበያ የምድር ትል ሁልጊዜም ይሠራል። በጥቅምት ሣሩ ውስጥ ፌንጣ ስለሚበዛ ለነጭ ዓሣ እሱን የሚተካከል አላውቅም። ለአምባዛ የዶሮ ሆድ ዕቃ ወይም ጉበት ይሁን፤ መንጠቆውም ትልቅና ጠንካራ መሆን አለበት። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆና ትንሽ ሊጥ ይበቃዋል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። አፏ ሞልቶ የተያዘች ቢያጋጥም ቶሎ ወደ ውኃው መመለስ ይገባል።

አንዳንድ ዓሣ ግን ምንም ቢቀርብለት አይነክስም። ሩሲያውያንና ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በሶር፣ በጎጀብ፣ በዴዴሳና በገናሌ ወንዞች ያገኙት ነገር ይህን ያስረዳል። በየወንዙ ያሉት ላቢዮባርበሶች በአፋቸው ቅርጽ ተለያይተዋል፦ ከንፈሩ የወፈረ በድንጋይ ስንጥቅ የተደበቀውን ይለቅማል፣ የከንፈሩ ጠርዝ የተሳለ ከድንጋይ ላይ የበቀለውን ይፍቃል፣ ሌሎችም ዓሣ ያድናሉ። ፋቂው በትል አይታለልም። እንዲህ ያለ የተለያየ ወገን በሐይቅ ውስጥ ሲፈጠር በጣና ታውቋል፤ በወራጅ ወንዝ ውስጥ መገኘቱ ግን ብርቅ ነው። እነዚህ ዓሦች ከነዚህ ወንዞች ከጠፉ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ስለ አለባበስ አንድ ነገር ላንሣ። ዓይን የሚያጠፋውን ኦንኮሰርካን የምታስተላልፈው ትንሿ ጥቁር ዝንብ የምትራባው ፈጥኖ በሚወርድ ወንዝ ውስጥ ነው፤ የምትነክሰውም በቀን ነው። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ መልበስ ይገባል። ወደ ቆላው፣ ወደ አኮቦና ጊሎ የሚወርድ ሰው ደግሞ አዞ መኖሩን አይርሳ።

ዓሣው ወደ ኩሬ የሚሰበሰብበት ይህ ጊዜ ለማጥመድ ምቹ የሆነውን ያህል ለማጥፋትም ምቹ ነው። ለቡናው ጥላ የሚሰጠው ብርብራ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ኩሬ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው እየተገለበጠ ይንሳፈፋል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባለው መርዝ የዓሣው ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ይዘጋል፤ ዓሣው በውኃ መካከል ይታፈናል። የሚበላው ሰው ብዙ ጊዜ ስለማይታመም ጉዳት የሌለው ይመስላል። ጉዳቱ ግን ሰው ለቅሞ በማይወስደው ላይ ነው፦ ጣት የማያህሉት ጫጩቶችና የሚመገቧቸው የውኃ ነፍሳት አብረው ያልቃሉ። ውኃው በጎደለ መጠን መርዙ ይበረታል፣ ማምለጫም አይኖርም። አንድ ከሰዓት የአንድ ኩሬ የዓመታት ዘር ይጨርሳል። ይህ ማጥመድ አይደለም።

ሁለተኛው አደጋ ማንም ዓሣ ለመግደል ሳያስብ የሚመጣ ነው። የቡናው ለቀማና የወንዙ መጉደል በአንድ ወቅት ይገጥማሉ። ቀይ እሸት ሲፈለፈልና ሲታጠብ ልጣጩና ዝልግልጉ ከነስኳሩ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ፣ ባክቴሪያዎች እሱን ለመብላት ሲረባረቡ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በክረምት ይህን የሚያቀጥን ብዙ ውኃ ነበር፤ በኅዳር የለም። ምልክቱን አጥማጅ ያውቀዋል፦ ውኃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል። አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ ለጊዜው ይተርፋል። እናም ከማጠቢያ ጣቢያ በታች አምባዛ ብቻ እየወጣ ሌላው ከጠፋ፣ ዓሣ አጥማጁ ከማንም ቀድሞ ያየውን ለቀበሌው መናገር አለበት። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ፍሳሹን ከወንዝ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ማቆየት፣ ቬቲቨር ሣር በተተከለበት መሬት ማሳለፍ፣ ልጣጩን አብስሎ ለማዳበሪያ ማዋል ይቻላል። ጀንፈል ሆኖ በፀሐይ የሚደርቅ ቡና ደግሞ ማጠቢያ ውኃ ጭራሽ አይፈልግም።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ በጾም ዓሣ የሚመገበው ሰው ገበያውን ያሞቀዋል፤ ፈላጊው በሚበዛበት ሳምንት ኩሬዎቹም ጠባብ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ከልክሏል። ሕጉ በየወንዙ ዘበኛ የለውምና በዚህ ኅዳር ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከማሻ ወይም ከቦንጋ ወደ ወንዝ የምትወርዱ ሁሉ ብርብራውን ለቡናው ጥላ ተዉት፤ ክርና መንጠቆ ያዙ፤ የምትበሉትን ያህል አውጡ፤ ትንሹን መልሱ። የማጠቢያ ባለቤቶችም ለቀማው ሳይጋመስ ጉድጓዳችሁን ቆፍሩ።